የትንሿ ባቡር እሳትና የጅማ አየር

«ባቡር» የሚለው ቃል ከጣልያንኛው «ቫፖሬ» ተነሥቶ በዐረብኛ በኩል ወደ ቋንቋችን የገባ ሲሆን፣ የመነሻ ትርጉሙ እንፋሎት ማለት ነው። ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ ሲደርስ ፉርጎዎቹን ይጎትት የነበረው በእርግጥም እንፋሎት ነበር። ሐዲዱ ግን ወደ ጅማ አልዘለቀም። የሄርማታ ገበያ ቡና በጋማ ከብት፣ ኋላም በመኪና እንጂ በባቡር አልተጓዘም። ታዲያ ሐዲድ በሌለበት ከተማ፣ ያውም እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር በኤሌክትሪክ በሚሠራበት ዘመን፣ ስለ እንፋሎት ባቡር ሞዴል መጻፍ ምን ይረባል? የሚል ጥያቄ ቢነሣ አይገርምም።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ እምነት ግን ሌላ ነው። በልዩ ልዩ አገሮች የሚገኙ የሙያው አፍቃሪዎች በእውነተኛ እንፋሎት የሚሄዱ ትንንሽ ሎኮሞቲቮችን በገዛ እጃቸው ይሠራሉ። ውኃውን የሚያፈሉት በድንጋይ ከሰል፣ በአልኮል ወይም በፕሮፔን ጋዝ ነው። የፕሮፔን ማቃጠያው ሲታይ እጅግ ቀላል ነው። ጋዙ በግፊት ከአንድ ጠባብ ቀዳዳ ይፈተለካል፤ ሲፈተለክም በቱቦው ጎን ባሉ ቀዳዳዎች በኩል አየር ስቦ ያስገባል፤ ሁለቱ ቱቦው ውስጥ ተቀላቅለው ጫፉ ላይ ይነዳሉ። በዚህች አንድ ጣት በምታክል ቱቦ ውስጥ በፊዚክስና በኬሚስትሪ ክፍለ ጊዜ የተማርነው ብዙ ነገር አለ።

አንድ መጠን ፕሮፔን ሙሉ በሙሉ እንዲነድ 5 መጠን ኦክስጅን ይፈልጋል። ከአየር ውስጥ ኦክስጅን 21 በመቶ ብቻ ስለሆነ፣ ይህ ማለት 24 መጠን ያህል አየር ነው። እንግዲህ 2 ኪሎዋት ሙቀት የሚሰጥ ማቃጠያ ልንሠራ አሰብን እንበል። አንድ ኪሎ ፕሮፔን 46 ሜጋጁል ገደማ ስለሚሰጥ፣ በሰዓት 155 ግራም ያህል ጋዝ እናቃጥላለን፤ ለዚህም 2.4 ኪሎ አየር ያስፈልገናል። ይህ አየር በባሕር ጠለል ላይ 2 ሜትር ኩብ ቦታ ይይዛል። ጅማ ግን ከባሕር ጠለል በላይ 1,780 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። የአየሩ ግፊት አንድ አምስተኛ ያህል ያነሰ በመሆኑ፣ ያው 2.4 ኪሎ አየር እዚህ 2.5 ሜትር ኩብ ይሆናል። ስለዚህ በዝቅተኛ አገር ተለክቶ የተሠራን ማቃጠያ ልኩን ሳንለውጥ ብንቀዳ፣ በዚያው ቀዳዳና በዚያው ጭስ ማውጫ ሩብ ያህል ተጨማሪ አየር እንዲያልፍ መጠየቃችን ነው። አየሩ ሲያንሰው ሰማያዊው ነበልባል ቢጫ ይሆናል፤ የቦይለሩም ቧንቧዎች በጥላሸት ይሸፈናሉ።

ከጥላሸቱ የሚከፋው ግን የማይታየው ነው። በቂ አየር ያላገኘ እሳት ካርቦን ሞኖክሳይድ ያመነጫል። ይህ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ከደማችን ሄሞግሎቢን ጋር የሚጣበቀውም ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ በሆነ ኃይል ነው። በዝግ ክፍል የተቀመጠ የከሰል ምድጃ በእንቅልፍ ላይ ያሉ ሰዎችን እንደሚገድል በሀገራችን የማያውቅ የለም፤ ገዳዩ ይኸው ጋዝ ነው። ስለሆነም ከመጽሐፍ የተገለበጠች አንዲት ቁጥር፣ የተጻፈችበት አገር ከፍታ ካልተጠየቀ፣ ዋጋዋ ነጥብ ከማጣት የከበደ ሊሆን ይችላል።

መፍትሔውም በእጃችን ነው። የጋዙን ቀዳዳ ዲያሜትር 10 በመቶ ብናጠብ፣ የቀዳዳው ስፋት 19 በመቶ ይቀንሳል፤ ወይም የአየር ማስገቢያውን ማስፋት ይቻላል። የትኛው እንደሚሻል የሚነግረን መለካት ብቻ ነው። አንድ ሊትር ውኃ ከ20 ወደ 90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለማድረስ 293 ኪሎጁል ያስፈልጋል፤ ይህም በ6.3 ግራም ፕሮፔን ውስጥ ያለ ኃይል ነው። ትንሿን የጋዝ ሲሊንደር ከሙከራው በፊትና በኋላ መዝነን 15 ግራም ጎድላ ብናገኛት፣ ወደ ውኃው የገባው 42 በመቶ ብቻ መሆኑን እናውቃለን። ውኃውን እስኪፈላ ብናቆየው ደግሞ ቴርሞሜትሩ 100 ሳይሆን 94 ዲግሪ አካባቢ ይቆማል። ይህን ቁጥር ያገኘ ተማሪ የሚኖርበትን ከፍታ ከእንግዲህ አይረሳውም።

በቱቦ ውስጥ ጋዝና አየር ቀላቅሎ በሰማያዊ ነበልባል በማንደድ ስሙ የሚጠራው ሮበርት ቡንሰን የሃይድልበርግ ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ሊቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1855 አካባቢ ሐሳቡን ወደ ዕቃ የለወጠለት ግን የዩኒቨርሲቲው መካኒክ ፒተር ዴሳጋ ነው። በእኛም ዘንድ በመማሪያ ክፍል ቀመር የሚያውቅ ተማሪ አለ፤ በብየዳ ቤት ደግሞ ናስና መዳብ የሚታዘዝለት ባለሙያ አለ። ሁለቱ ግን እምብዛም አይገናኙም። የጎደለን ከገንዘቡ ይልቅ ይህ መገናኘት ይመስለኛል።

ይህን የሚሞክር የሳይንስ ክበብ ግን ጥቂት ነገሮችን እንዳይዘነጋ ያስፈልጋል። ሙከራው ልምድ ባለው ሰው ፊት፣ ከቤት ውጭ ይደረግ። ፕሮፔን ከአየር አንድ ተኩል ጊዜ ስለሚከብድ፣ ሲያፈስ ወለል ላይ ተኝቶ ብልጭታ ይጠብቃልና መጋጠሚያዎቹ በክብሪት ሳይሆን በሳሙና አረፋ ይፈተሹ። አዲስ ቦይለርም እሳት ከመንካቱ አስቀድሞ በቀዝቃዛ ውኃ፣ ከሚሠራበት ግፊት እጥፍ በሆነ ግፊት ይሞከር። በአየር መሞከር ግን አደገኛ ነው፤ የታመቀ አየር ብረቱ ሲቀደድ እንደ ፈንጂ ይበተናልና።

እንግዲህ በጅማ፣ በአጋሮና በዙሪያው ባሉ የቡና ከተሞች የምትገኙ ተማሪዎችና መምህራን፣ አንዲት ትንሽ ማቃጠያ ሠርታችሁ ነበልባሏን እስክትሰማይ ድረስ አስተካክሏት፤ ልኳንም ከነከፍታው ጽፋችሁ አስቀምጡ። ቡና የሚቆላበት፣ እንጀራ የሚጋገርበትና የላቦራቶሪ ዕቃ የሚሞቅበት የጋዝ ምድጃ ሁሉ በዚሁ ሕግ የሚተዳደር በመሆኑ፣ ከትንሿ ባቡር የተገኘው ዕውቀት ከትንሿ ባቡር ጋር አይቀርም።