የቋንቋ ዓምድ፦ ማን ሰበረው?

በአማርኛ «አለ» ላልቶ ሲነበብ ተናገረ፣ ጠብቆ ሲነበብ ግን ይገኛል ማለት ነው። የዐረብኛ ግስም እንዲህ ያለ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

በሊባኖስ «ከሰር» ሲባል ድምፁ «ከ» ላይ ጠንከር ይላል፤ እሱ ሰበረ ማለት ነው። «ከሰርት» ሲሆን ጥንካሬው ወደ «ሰርት» ይዞራል፤ እኔ ሰበርኩ ይሆናል። «ከሰር» ብለን «ሰ»ን ብናጠብቅ ሰባበረ ነው። «ኢንከሰር» ደግሞ ተሰበረ ማለት ነው፤ ሰባሪውን አይጠራም።

ሕፃኑ ብርጭቆ ጥሎ ማዳም «ሚን ከሰር?» ብላ ስትጠይቅ፣ በድንጋጤ አንዲት «ት» ከጨመራችሁ የልጁ ጥፋት የእናንተ ይሆናል። ስለዚህ አራቱንም ድምፃችሁን እያሰማችሁ ደጋግማችሁ ተለማመዱ።