ንጹሕ የተባለው ውሃ ምኑ ተለካ?

ስለ መጠጥ ውሃ ጥያቄ በተነሳ ቁጥር የሚመጣው መልስ አንድ ነው፦ ተመርምሯል። ምኑ? ሲባል ግን ዝርዝሩ አብዛኛውን ጊዜ አጭር ነው። ጀርም፣ ድፍርስነት፣ ክሎሪን፣ በስምጥ ሸለቆ ደግሞ ፍሎራይድ። እነዚህ መለካታቸው ትክክል ነው፤ ሰው በኮሌራ የሚሞትበት አገር ጀርምን ማስቀደም አለበት። ስሕተቱ ያልተለካውን እንደሌለ መቁጠሩ ላይ ነው።

ዝዋይ ሐይቅ ይታይ። በአንድ ወገን የአበባ እርሻዎች፣ በሌላ ወገን በሞተር ውሃ እየሳቡ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያለሙ ገበሬዎች ከበውታል። መቂና ቀታር ወንዞች ከላይ ያገኙትን ሁሉ አጥበው ያመጡለታል። ዓሣው የሚሰገረው ከዚያው ነው፤ የባቱ ከተማም ከዚያው ስትጠጣ ኖራለች። በማሳው ላይ የሚረጨውን ፀረ ተባይ ገበሬው «መድኃኒት» ይለዋል፤ ስሙ ራሱ ጥርጣሬን ያስተኛል። ይህ «መድኃኒት» ውሃ ውስጥ ሲገባ አይሸትም፣ ቀለም የለውም። ማፍላትም ጀርምን ይገድል እንደሆነ እንጂ ኬሚካልን ያስወግዳል ተብሎ አይታመንም።

ታዲያ ለምን አይለካም? መጠኑ ትንሽ ስለሆነ። የአውሮፓ ኅብረት በመጠጥ ውሃ ውስጥ ለአንድ ፀረ ተባይ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 0.1 ማይክሮግራም ነው። 10,000 ሊትር የሚይዝ ቦቴ 1,000 ጊዜ ተሞልቶ በጠቅላላው ውሃ ውስጥ አንድ ግራም እንደማለት ነው። ተራ የላቦራቶሪ መሣሪያ ይህን ከውሃው ላይ በቀጥታ አያነብም። አስቀድሞ ማጥመድና ማጠራቀም ያስፈልጋል።

ናኖ ሶርበንት የሚባሉት ቁሶች ሥራቸው ይኸው ማጥመድ ነው። የካርቦን ናኖቲዩብ አለ፣ ግራፊን አለ፣ እ.ኤ.አ. በ2025 የኬሚስትሪ ኖቤል ያሸለሙት፣ ከብረታ ብረትና ከኦርጋኒክ ሞለኪውል የተገጣጠሙት ባለቀዳዳ ቁሶችም አሉ። የአንዳንዶቹ የአንድ ግራም ገጽ ተዘርግቶ ቢለካ ከ1,000 ካሬ ሜትር ይበልጣል። አንድ ሊትር ውሃ ካለፈባቸው በኋላ የያዙት በአንድ ሚሊ ሊትር ሜታኖል ሙሉ በሙሉ ታጥቦ ከወጣ፣ ክምችቱ 1,000 ጊዜ ይጨምራል። ያኔ አብዛኛውን በክሮማቶግራፍ መለየት ይቻላል። ማግኔትነት ያለው የብረት ኦክሳይድ ከሆነ ደግሞ ውሃው ውስጥ ተበጥብጦ በማግኔት ይሰበሰባል፤ ማጣሪያ እንኳን አያስፈልገውም።

ዕውቀቱ ኢትዮጵያ ውስጥ የለም የሚል ካለ ተሳስቷል። የዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ክፍሎች ናሙና በማዘጋጀትና ፀረ ተባይን በመለካት ተማሪ ያስመርቃሉ። ግን ሥራው መመረቂያው ቀን ላይ ያበቃል። ሐይቁ ለተማሪው ናሙና ሰጠ፤ ተማሪው ለሐይቁ ምን መለሰ? አንድ ጽሑፍ በጆርናል፣ አንድ ቅጂ በቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ። በዚያም ላይ የዚህ ዘርፍ የቆየ አመል አለ፦ አዲሱን ቁስ በተጣራ ውሃ ላይ ፈትኖ «ሠራ» ማለት። ዝዋይ የተጣራ ውሃ አይደለም። ደለሉና የበሰበሰው ዕፅ የቁሱን ገጽ ቀድመው ይይዙታል፤ ለፀረ ተባዩ የሚተርፈው ቦታ ይጠባል። በበጋ አንድ ቀን የተቀዳ ናሙናም ክረምት ሲገባ የመጀመሪያው ጎርፍ ከማሳ ጠርጎ ስለሚያመጣው ነገር ምንም አይናገርም።

ቧንቧ ሳይዳረስ ስለ ናኖ ማውራት ቅንጦት ነው የሚሉም አሉ። ክርክሩ ሚዛን የሚደፋ ይመስላል፤ ግን ኬሚካሉን በውጭ ምንዛሪ ማስገባት ቅንጦት ያልተባለበት አገር ዱካውን መከተል ቅንጦት ሊባል አይገባም። ለዚህ ሥራ የሚበቃው የአጥማጁ ቁስ መጠን በሚሊግራም የሚቆጠር ነው። ውሃው ባቱ ላይ ከተጠመደ በኋላ አዲስ አበባ የሚጫነው በኪስ የሚያዝ ካርትሪጅ እንጂ ጀሪካን አይሆንም። ምን ይፈለግ የሚለውም ጨለማ አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 674/2002 መሠረት ፀረ ተባይ ሳይመዘገብ መሸጥ የለበትም፤ ስለዚህ የስም ዝርዝሩ መንግሥት እጅ ላይ ነው።

የቀረው ትእዛዝና በጀት ነው። ናሙናው በየወሩ ይወሰድ፣ በክረምት ደግሞ በየሳምንቱ። ውጤቱም ነዋሪው የውሃ ሂሳብ በሚከፍልበት መስኮት ላይ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ይለጠፍ።