ድንጋይም ስም አለው



ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የትግራይን አለት ስም ያወጣው ግን የጦር ጓዝ ተከትሎ የመጣ እንግሊዛዊ ነው። ዊልያም ብላንፎርድ ይባላል፤ በህንድ የስነ ምድር መሥሪያ ቤት ባልደረባ ነበር። በ1868 እ.ኤ.አ. ጄኔራል ናፒየር በአፄ ቴዎድሮስ ላይ ሲዘምት አብሮ መጣ። ሠራዊቱ መድፉን በዝሆን ጭኖ ዳገቱን ሲወጣ እሱ ገደሉን ይመረምር ነበር። ያየውንም በ1870 በመጽሐፍ አሳተመ።

የሙያው ደንብ እንዲህ ነው፤ አንድ የድንጋይ ንጣፍ የሚሰየመው ጎልቶ በሚታይበት ሥፍራ ነው፣ የድንጋዩም ዓይነት ይከተላል። የአዲግራት አሸዋ ድንጋይ፣ የእንጣሎ ኖራ ድንጋይ የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው። ሌሎች በዚያው ዘመን ሐይቃችንን በንግሥታቸው ስም ሲጠሩ (ቪክቶሪያን ልብ ይሏል) ይህ ሰው የአገሩን ስም ለአገሩ መተዉ ያስመሰግነዋል፤ አመጣጡ ባያስመሰግነውም።

ታዲያ ስም ብቻውን አይበቃም። ቀለሙ፣ ውፍረቱ፣ ከበታቹና ከበላዩ ያለው፣ በውስጡ የተቀበረው ሁሉ መጻፍ አለበት። የአዲግራቱ ቀላ ያለ፣ ገደል ሆኖ የሚቆም ነው፤ ከገርዓልታ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ብዙዎቹ የተፈለፈሉት ከእሱ ነው። በላዩ ያለው የእንጣሎው ደግሞ ከ150 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ አገሩን ሸፍኖ የነበረ ባህር የተወው ነው፤ መቀሌ አካባቢ ውፍረቱ ከግማሽ ኪሎ ሜትር ይበልጣል፣ የባህር ቀንድ አውጣም ይገኝበታል። ከዚያ በላይ ኋላ የመጡ ባለሙያዎች የአጉላን ስም የሰጡት ለስላሳ ንጣፍ አለ። ጀሶ ስላለበት ውሃውን ያከብደዋል፤ ሳሙና እምቢ ይላል። መግለጫውን ሳያነብ ጉድጓድ የሚቆፍር ሰው ገንዘቡን በከንቱ ያፈስሳል።

እኔን የገረመኝ ግን ቅደም ተከተሉ ነው። አዲግራት፣ እንጣሎ፣ ከዚያ የእሳተ ገሞራው አለት አሸንጌና መቅደላ፤ ከታች ወደ ላይ ስትቆጥሩት የዘመቻው መንገድ ራሱ ነው! ጦሩ ወደ ደቡብ በተጓዘ ቁጥር ከአሮጌው አለት ወደ አዲሱ ይወጣ ነበር። መጨረሻው መቅደላ፣ ንጉሡ የሞቱበት።

ስሙ ግን እዚያ አልቆመም። ብላንፎርድ ረግጦት በማያውቀው በኦጋዴን፣ ካሉብ ላይ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. የተገኘውን ጋዝ በከርሠ ምድር ከያዙት ንጣፎች አንዱ የአዲግራት አሸዋ ድንጋይ ይባላል።