ቀድመህ አስረክብ፣ ኋላ ይግባኝ በል

መንገድ ሲሠራ፣ ከተማ ሲሰፋ ማን ይጠላል? ጥያቄው መሬቱ የሚወሰድበት ሰው «ካሳው አነሰኝ» ሲል ማን ይሰማዋል ነው።

በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 455 መልሱ አጭር ነበር፦ መሬቱን ማስረከብህን የሚያሳይ ሰነድ ካላያያዝክ ይግባኝህ አይታይም። እርሻው በግሬደር ታርሶ ካለቀ በኋላ ክርክር! እሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 አቤቱታ ሰሚ አካልና ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ እንዲቋቋሙ አደረገ። ለአቤቱታው 30 ቀን፣ ለይግባኙም 30 ቀን ሰጠ። ደግ አደረገ።

ግን 30 ቀን ለማን ይበቃል? እዚህ አዊ ዞን፣ ከእንጅባራና ከዳንግላ ወጣ ብሎ ብዙው ገበሬ ቤቱ የሚያወራው አዊኛ ነው። ደብዳቤው በመሥሪያ ቤት አማርኛ ከመጣበት አንባቢ ሲፈልግ፣ ማስረጃ ሲያሰባስብ፣ «ኃላፊው ስብሰባ ናቸው» ሲባል ቀኑ እልም ይላል።

መፍትሔው ውድ አይደለም። ማስታወቂያው በአዊኛም ይጻፍ፤ ቀበሌ ላይ ጮክ ተብሎ ይነበብ፤ የመጨረሻው ቀንና አቤቱታ የሚቀርብበት ቢሮ በግልጽ ይነገር። እኛ ከተማ የገባን ልጆችም ለበዓል ስንሄድ «ደብዳቤ መጥቶ ነበር?» ብለን እንጠይቅ። ያልተነበበ መብት እንደሌለ ነው።