ስቱኮ ከመቀባቱ በፊት ብረቱ ይታይ

ኢምፔሪያል አካባቢ ከአስፋልቱ ገባ ብለው ባሉ ጋራዦች በር ያለፈ ሰው፣ አንዲት አሮጌ ቮልስ ጎማዋ ወልቆ በድንጋይ ላይ ተቀምጣ፣ ግማሽ ጎኗ በግራጫ ስቱኮ ተለስኖ ቢያይ አይገርመውም። ከጥቂት ቀናት በኋላ ያቺው መኪና ሰማያዊ ቀለም ተቀብታ እያብረቀረቀች ትወጣለች። ባለቤቱ ደስ ይለዋል፣ ጎረቤቱም "አዲስ ሆነች እኮ!" ይላል። ከቀለሙ ሥር ምን እንዳለ የሚጠይቅ ግን የለም።

እኔ በበኩሌ አቋሜን ከመነሻው ልናገር። የዛገ ላሜራ ተቆርጦ ይለወጣል እንጂ አይሸፈንም። ባለ መኪናውም ስቱኮ ከመቀባቱ በፊት ጋራዥ ተጠርቶ እርቃኑን የቀረውን ብረት በዓይኑ ማየት አለበት።

"ለአሮጌ መኪና ይሄ ሁሉ ጣጣ ምንድን ነው?" የሚል ተማሪ አይጠፋም። ቮልስ ግን በአገራችን ተራ አሮጌ መኪና አይደለችም። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስ እንደነበር ሁላችንም ሰምተናል። እሱ ይቅርና ወደ ገበያው እንምጣ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን እጅግ አስወደደው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከለከለ። ቮልስ ራሷ በጀርመን መመረቷ በጥር 1970 ዓ.ም.፣ በሜክሲኮ ደግሞ በሐምሌ 1995 ዓ.ም. አብቅቷል። ስለዚህ እዚህ ያለችው ቮልስ ወይ በደንብ ትጠገናለች ወይ ታልቃለች፤ ሌላ ምትክ አይመጣላትም።

አዲስ አበባ ባሕር የላትም፣ እንደ አውሮፓ ከተሞች በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ ጨው አይበተንባትም። ታዲያ መኪናው ለምን ይዝጋል? ፓራፋንጎው ውስጥ ገብቶ የተጋገረው ጭቃ ክረምቱን ሙሉ እርጥብ ሆኖ ስለሚቆይ ነው። የመስኮቱ ጎሚኒ ሲሰነጠቅም ውኃ ወደ ውስጥ ይወርድና ምንጣፉ ሥር ይተኛል። ቮልስ ላይ ደግሞ ባትሪው ያለው ከኋላ ወንበር ሥር ስለሆነ፣ የሚፈስሰው አሲድ እዚያው ያለውን ወለል ይበላዋል። እዚህ ላይ ስቱኮ መለሰን ማለት ቁስልን ሳያጥቡ በጨርቅ መሸፈን ነው። ስቱኮ እርጥበት ይመጥጣል፤ ዝገቱም ከሥር ሥራውን ይቀጥላል። በዓመቱ ቀለሙ እንደ ፊኛ ያብጣል።

ዝገት ሁሉ ግን እኩል አይደለም፣ ይህን መለየት የእኛ የባለሙያዎቹ ፈንታ ነው። የቮልስ አራቱም ፓራፋንጎዎች በብሎን የታሰሩ ናቸው። አንዱ ቢበሰብስ ብሎኑን ፈትቶ ሶማሌ ተራ የተገኘ ሌላ መግጠም ነው፤ ቢዝግም ሰው አይገድልም። (ብሎኑ ተጣብቆ እምቢ ሲል ዘይት አጠጥቶ ማሳደር እንጂ በመዶሻ መደብደብ አያስፈልግም፤ ቦዲው ላይ ያለው ዳዶ ከተነቀለ ጣጣው ይበዛል።) አደገኛው ከበሩ ሥር በቁመት የሚሄደው፣ ከሞተሩ የሚመጣውን ሙቅ አየር ወደ ፊት የሚያደርሰው ሳጥን መሰል ብረት ነው። ቦዲውን ከወለሉ ጋር የሚይዘው እሱ ነው። እሱ ከበሰበሰ መኪናው ወገቡ ተቆርጧል ማለት ነው። ታዲያ ከላይ ቀለም ቀብቶ ቤተሰብ የሚጫንበት በምን ሒሳብ ነው?

ይህን ብረት መለወጥ ጊዜና ጥንቃቄ ይፈልጋል። መጀመሪያ ባትሪው ይወጣል። የነዳጅ ታንከሩም ይወርዳል፤ የቮልስ ታንከር ከፊት ኮፈኑ ሥር ስለሆነ እሱን ሳያወርዱ እዚያ አካባቢ መበየድ እብደት ነው። መኪናው ደልዳላ ቦታ ይቀመጣል። ከዚያ በሩ ያለበት ክፍተት በብረት ዘንግ ተወጥሮ ይታሰራል። ይህ ካልሆነ የበሰበሰው ሲቆረጥ ቦዲው ይጎብጥና በሩ ከእንግዲህ አይዘጋም። ሁለቱን ጎን በአንድ ቀን መቁረጥም አይገባም። የሚቆረጠው ጤነኛ ብረት እስኪገኝ ድረስ ነው፤ እዚህ ላይ መሳሳት የለም። የሚገጠመው ላሜራ አንድ ሚሊሜትር እንኳ ስለማይሞላ ተራው የዘንግ ብየዳ ይበሳዋል፣ የኦክስጅን እሳትም ያጣምመዋል። ስለዚህ ነጥብ ነጥብ እያደረጉ፣ ቦታ እየቀያየሩ፣ እያቀዘቀዙ መበየድ ነው። ከጣራ ቆርቆሮ የተቆረጠ ቁራጭ የሚበይዱ አሉ። የቆርቆሮው ዚንክ ሲቃጠል የሚወጣው ነጭ ጭስ ሠራተኛውን ማታ በትኩሳት ያንቀጠቅጠዋል። በመጨረሻ ፀረ ዝገት ቀለም ከውጭ ብቻ ሳይሆን ሳጥኑ ውስጥም ይገባል። ስቱኮ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ ያውም የብየዳውን ጠባሳ ለማስተካከል በስሱ ነው።

ጋራዦቹን ብቻ መውቀስ ልክ አይመስለኝም። አንድ የባትላሜራ ባለሙያ "ጋሼ፣ ይሄ መቆረጥ አለበት" ሲል፣ ብዙ ጊዜ የሚሰማው መልስ "ተወው ባክህ፣ ለቦሎ ማለፊያ ብቻ ይሁን" የሚል ነው። ደንበኛው የሚከፍለው ለሚታየው ነገር ነው፤ የሚታየው ደግሞ ቀለሙ ነው። ባለሙያው ሦስት ቀን ቆርጦ የበየደው ከቀለሙ ሥር ይቀበራል፣ ከጎኑ ያለው ሰው በአንድ ከሰዓት በስቱኮ የሸፈነውም እኩል ያብረቀርቃል። ብረቱ ይታይ የምለው ለዚህ ነው። ባለቤቱ አንድ ጊዜ መጥቶ ቢያይ፣ በስልኩም ፎቶ ቢያነሳ፣ ጥሩ የሠራው ሰው የሠራበትን ለመጠየቅ አፍ ያገኛል። መኪናዋ ስትሸጥም ፎቶው ለገዢው ማስረጃ ነው። ያ የሌለው ገዢ ማግኔት ይዞ ይሂድ፤ ወፍራም ስቱኮ ላይ ማግኔት አይጣበቅም።

አሁን ወደ ራሳችን ቤት ልምጣ። እኛ ተማሪዎች የአሜሪካኖቹ ፎርድ ሙስታንግ ሲታደስ በቪዲዮ እያየን እንቀናለን። እዚያ ግን ለሙስታንግ ፓራፋንጎው ብቻ ሳይሆን ሙሉ ቦዲው ሳይቀር አዲስ ተመርቶ ይሸጣል፤ ከካርቶን አውጥቶ መግጠም ነው። እዚህ ጠፍጣፋ ላሜራ ወስዶ በመዶሻ የቮልስን ጉብታ የሚያወጣ ሰው አለ፤ እኛ ግን ስሙን እንኳ አንጠይቅም። ክፍላችን ውስጥ ሁሉም የሚሻማው ለሞተርና ለኤሌክትሪክ ነው፤ ባትላሜራ የተማረ ሰው ሥራ አይመስለንም። የኤሌክትሪክ መኪና ሲበዛ ካርቡሬተር የሚጠግን ሰው ሥራ ሊያጣ ይችላል። የኤሌክትሪክ መኪናም ግን ይጋጫል፣ ይጨረመታል፣ በሩም ይጎብጣል።

ለዲፓርትመንቱ መምህራን የማቀርበው ሐሳብ ብዙ ወጪ የለውም። በሴሚስተሩ ለሁለት ሳምንት አንድ የባትላሜራ ባለሙያ በአበል ተጋብዞ ወርክሾፓችን ይምጣ። ለመቁረጫና ለመበየጃ ልምምድ ከሶማሌ ተራ የተገዛ አንድ የበሰበሰ በር ይበቃል።