ለጥቂት ስለ መቅረት

ሰው ከፈለገው ነገር ርቆ ሲቀር ኀዘኑ ቀላል ነው፤ ለጥቂት ሲቀር ግን ይጸናበታል። ከተራራው ወገብ የተመለሰ መንገደኛ አቅሜ ነው ብሎ ይተወዋል፤ ከጫፉ ሊደርስ አንድ እርምጃ ሲቀረው የተንሸራተተው ግን ያችን እርምጃ ዕድሜውን ሙሉ ያስባታል። ዛሬ በቤተ ሰብ ገጻችን ስለ እግር ኳስ መጻፋችን ጨዋታውን ለማወደስ አይደለም፤ ልጆቻችን መረታትን መጀመሪያ የሚያውቁት ብዙ ጊዜ ከዚህ ጨዋታ ስለ ሆነ ነው።

በ2011 ዓመተ ምሕረት የጎንደሩ ፋሲል ከነማ የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግን የመጨረሻ ቀን በአንደኝነት ጀመረ። ቢያሸንፍ ዋንጫው የራሱ ነበረ። ነገር ግን ከስሑል ሽረ ጋር እኩል ለእኩል ወጣ፤ መቐለ 70 እንደርታም ድሬዳዋ ከተማን አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። የዓመቱ ሁሉ ድካም በአንድ ቀን ተቈረጠ። የ2012 ውድድር በኮሮና በሽታ ምክንያት ተሰረዘ፤ በ2013 ግን ፋሲል ከነማ የሊጉን ዋንጫ ለመጀመሪያ ጊዜ አነሣ።

ከበታች ክፍል ወደ ላይ ለመውጣት በሚታገሉት ዘንድ ደግሞ ነገሩ ከዚህ ይከፋል። በእንግሊዝ አገር በሦስተኛው ክፍል፥ ሚያዝያ 19 ቀን 2005 ዓ.ም.፥ ብሬንትፎርድና ዶንካስተር በመጨረሻው ቀን ተገናኙ። ብሬንትፎርድ ቢያሸንፍ በቀጥታ ወደ ሁለተኛው ክፍል ይወጣ ነበረ። መደበኛው ሰዓት አልቆ፥ ግብ ሳይቈጠር፥ ፍጹም ቅጣት ምት አገኘ። እንዲመታ የተመደበው ኬቨን ኦኮነር ሲሆን የ20 ዓመቱ ማርቼሎ ትሮታ እኔ ልምታ ብሎ ኳሱን ያዘ። የመታውም ኳስ የግቡን አግዳሚ ገጭቶ ተመለሰ። ሰዉ ከድንጋጤው ሳይነቃ ዶንካስተሮች ኳሱን ወዲያ ማዶ ወስደው አገቡ፤ 1 ለ 0 አሸንፈውም ወጡ።

ለእኛ ትምህርት የሚሆነው ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ትሮታ ከሌላ ማኅበር በውሰት የመጣ ነበረና ብሬንትፎርድ ሊረሳው ይችል ነበር፤ ነገር ግን በሚቀጥለው ዓመት መልሶ ወሰደው። በዚያው ዓመት ማኅበሩ ወደ ሁለተኛው ክፍል ወጣ፤ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ከበላዩ ክፍል ደረሰ።

እንግዲህ በመካነ ሰላም ከተማም ሆነ በቦረና፥ በሳይንትና በለጋምቦ ደጋ፥ ከትምህርት ቤት መልስ የጨርቅ ኳስ የሚያንከባልል ልጅ ያለው አባት ይህን ልብ ይበል። የልጁ ወገን ተረትቶ ልጁ እያለቀሰ ሲገባ፥ በኳስ ታለቅሳለህን ብሎ ማፌዝ አይገባም፤ የሚያለቅሰው ስለ ኳሱ ሳይሆን ተስፋ ስላደረገው ነገር ነውና። ዳኛው ሸጦን ነው ብሎ ማጽናናትም መርዝ ነው፤ የራሱን ጉድለት እንዳያይ ዐይኑን ይጋርደዋልና። በመጨረሻው ቀን የሳተውንም ጓደኛውን እንዲረግም አይፈቀድለት። ያሸነፈ 3 ነጥብ፥ እኩል የወጣ 1 ነጥብ የሚያገኝ ከሆነ፥ በመስከረም በቸልታ የተጣለ 2 ነጥብ በሰኔ ከተጣለው 2 ነጥብ አያንስም፤ የሁሉ ጥፋት በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ሊጫን አይገባም።

አባቶቻችን ይህን በገና ጨዋታ ያውቁት ነበር። በዚያ ሜዳ ጌታና ሎሌ ይቀላቀላሉ፤ የተመታ ጌታም እንዳይቆጣ ልማዱ ይከለክለዋል።

በችሎት ደጃፍ ስንውል ለአንድ ክንድ ድንበር ተረትቶ ቤቱንና ልጆቹን የፈታ ሰው እናያለን። እንዲህ ያለው ሰው በልጅነቱ መረታትን ያስተማረው አልነበረም ብንል የተሳሳትን አይመስለንም። በችሎት የተረታ ይግባኝ ይላል፤ በሜዳ በትክክል የተረታ ግን ይግባኙ የሚቀጥለው ዓመት ነው። ስለዚህ ልጁ እንባውን ይጥረግ፥ ላሸነፈው እንኳን ደስ ያለህ ይበል፥ በማግሥቱም ኳሱን ይዞ ይውጣ። ይህን የተማረ ልጅ ነገ ቤትም ሹመትም ቢሰጡት አያፈርስም።