ሹሙን ተቹ፣ ሕዝቡን አታዋርዱ

ካርቱን ያስቃል። የሚያስቀው ማንን ነው? የሚያስለቅሰውስ? ውድ አንባቢያን፣ ነገሩ እንደ ዋዛ የሚታለፍ አይደለም።

«በመንግሥት ላይ የሚያሾፍ ሥዕል ሁሉ ነውር ነው» የሚሉ ወንድሞች አሉ። አልስማማም። በ1985 ዓ.ም. የፕሬስ አዋጅ ቁጥር 34 ከወጣ በኋላ በአዲስ አበባ የታተሙት የግል ጋዜጦች ሹማምንትን በጽሑፍ ብቻ ሳይሆን በካርቱንም ተችተዋል። ፊደል ያልቆጠረ ሰው እንኳ ሥዕሉን አይቶ ነገሩን ይረዳል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29ም ሐሳብን በሥነ ጥበብ መግለጽን ይፈቅዳል። በበዳይ ገዢ ፊት እውነትን መናገር ከታላላቅ ጂሃዶች እንደሚቆጠር በሐዲስ ተላልፎልናል። ነፍስ ያለውን ፍጡር በመሳል ላይ ዑለማዎች የተለያየ አቋም አላቸው፤ የዛሬው ክርክራችን ግን ስለ ማሾፉ ነው።

ፍልስጤማዊውን ናጂ አል ዓሊን እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ1969 «ሐንዘላ» የተባለውን የ10 ዓመት ልጅ ፈጠረ። በብዕሩ ወራሪውንም፣ የዓረብ ገዢዎችንም፣ የራሱን ወገን መሪዎችም ገረፈ። እ.ኤ.አ. በ1987 ለንደን ውስጥ ተተኩሶበት ከሳምንታት በኋላ ሞተ። የሠዓሊ ወግ ይህ ነው፤ ኃይለኛውን ይነካል፣ ደካማውን አይረግጥም።

ዛሬ በቴሌግራምና በቲክቶክ ወደየስልካችን የሚመጣው ተንቀሳቃሽ ሥዕልስ? አንዳንዱ ባለሥልጣኑን ትቶ የተወለደበትን ብሔር በእንስሳ ይመስላል፤ የአንዱን አነጋገር፣ የሌላውን ጸሎት መሳቂያ ያደርጋል። ይህ ፖለቲካ ነውን? ሹም ነገ ከወንበሩ ይነሳል፤ ሕዝብ ከማንነቱ ወዴት ይነሳል? በሱረቱል ሑጁራት 11ኛው አንቀጽ ሕዝብ በሕዝብ ላይ እንዳይሳለቅ ተከልክሏል። የጥላቻ ንግግርን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012ም የሚጠብቀው ብሔርን፣ ሃይማኖትን፣ ዘርን፣ ጾታንና አካል ጉዳትን እንጂ ሥልጣንን አይደለም።

«ቀልድ እኮ ነው» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2005 አንድ የዴንማርክ ጋዜጣ በነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ጉዳይ 12 ሥዕሎች ሲያወጣም እንዲሁ ተብሎ ነበር፤ እኛ ግን ቆስለናል። ያንን ሕመም የሚያውቅ ቤተሰብ የጎረቤቱን እምነት የሚያንቋሽሽ ሥዕል ለልጁ እያሳየ እንዴት ይስቃል?

በካቺሲ የሙስሊሙም የክርስቲያኑም ልጅ በአንድ ዴስክ ይቀመጣል። ልጅ ደግሞ ቤት የተሳቀበትን ትምህርት ቤት ይደግመዋል። ስለዚህ እናቶችና አባቶች፣ ሥዕሉን ከማስተላለፋችሁ በፊት ጠይቁ፦ የተተቸው የሰውየው ሥራ ነው ወይስ የተፈጠረበት ማንነት? ሥራው ከሆነ ሳቁ፣ ለልጆቻችሁም አስረዱ። ማንነቱ ከሆነ አጥፉት፤ ላኪውንም በመልካም ቃል ምከሩት። አላህ ምላሳችንንም ጣታችንንም ይጠብቅልን።